የተጨማደደው ማሽላ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ጉም ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ያበጁት የዋሻ መንገድ አለ። መኪና ከብርዱና ከጉሙ ወደ ጨለማው ይገባል፤ በወዲያኛው አፍ ሲወጣ ምድር ከእግር ሥር ተንዳ የተወሰደች ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና ታልፎ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ገብሱና ባቄላው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈንና ድንገት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ሆኗል። ማሽላና ሽንኩርት፣ ማንጎና ትንባሆ የሚበቅልበት፣ በእኩለ ቀን ውሻ እንኳ ከግድግዳ ጥላ የማይወጣበት የይፋት ቆላ ተጀምሯል።

እኔ ይህን ቁልቁለት ለመጀመሪያ ጊዜ የወረድሁት በ1967 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ከተሰማሩት፣ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩት ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበርሁ። ዕድሜዬ 19 ዓመት ነው፤ አዲስ አበባ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። በጭነት መኪናው ላይ ቆሜ ነፋሱን ስጠጣ ሳለሁ፣ ሜዳውን እንደ ጀመርን፣ ከፊታችን ባለው አስፋልት ላይ ውሃ ተኝቶ አየሁ። የሰማዩ ሰማያዊነት በላዩ ይጫወታል። «ወንዙ መንገዱን ሰብሮታል!» ብዬ ጮህሁ። ከጎኔ ሸራው ላይ የተቀመጠው የሾፌሩ ረዳት ቀና ብሎም አላየው። «አይዞህ ዘማች፣ እሱ ውሃ ደሴ ድረስ እየቀደመ ይሄዳል እንጂ አያገኝህም» አለኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላም ውሃውን አየሁት። ውሃ አለመሆኑን ካወቅሁ በኋላ ይጠፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጠፋም።

ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት አልለቀቀኝም። በኋላ አንድ የፊዚክስ መምህር ባልደረባዬ ነገሩን አስረዳኝ። ፀሐይ ያጋለችው አስፋልት ከበላዩ ያለውን ስስ የአየር ንጣፍ ያግለዋል። የጋለ አየር ከቀዝቃዛው ይልቅ የሳሳ ስለሆነ፣ ከሰማይ አዘቅዝቆ የሚመጣው ብርሃን ከመሬት ሳይደርስ ጎብጦ ወደ ዓይናችን ይመጣል። እንግዲህ መንገዱ ላይ ተኝቶ የምናየው የሰማይ ቁራጭ ነው። ፎቶግራፍ ቢነሣም ይወጣል። ዓይኔ አልዋሸኝም ነበር ማለት ነው፤ በእርግጥ ያለውን ብርሃን በእርግጥ አሳየኝ። «ውሃ» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔው ነኝ።

አማርኛችን ይህን ልዩነት ከፊዚክስ መምህሩ አስቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ልብ ብለን እንመልከተው። በዚህ ቃል ውስጥ አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ ነገሩ ይመስላል፣ እኔ እቀበላለሁ። «ታየኝ»፣ «ተሰማኝ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ሰውየው ከግሱ መጨረሻ ላይ እንደ ተሳፋሪ ተንጠልጥሏል። «ፈረድሁ»፣ «ወሰንሁ» ስንል ግን አድራጊው እኛ ነን፤ ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ደግሞ «አመለካከት» ከመመልከት፣ «አስተያየት» ከማየት የወጡ ናቸው። ለሕይወት ያለን አቋም ሁሉ ከዓይን ሥራ ስሙን ተበድሯል።

በዚያ ዘመን በስቴንስል ተባዝተው በእጃችን ይዘዋወሩ የነበሩት ጽሑፎች ይህን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጉት ነበር፤ ንቃተ ኅሊና የነባራዊው ዓለም ነጸብራቅ ነው ይሉ ነበር። «ነባራዊ»፣ «ኅሊናዊ»፣ «ቁስ አካል»፣ «ተጨባጭ» የሚሉትን ቃላት እንደ አዲስ ልብስ ለብሰናቸው ወደ ገጠር ወረድን። ቃላቱን ዛሬም አልጠላቸውም፤ በተለይ «ተጨባጭ»ን እወደዋለሁ፤ ዕውነት ማለት በእጅ የሚጨበጥ ነው የሚል የገበሬ አስተሳሰብ አለበት። ችግሩ እኛ ቃሉን ይዘን ነገሩን ሳንጨብጥ መውረዳችን ነው። ነጸብራቅ ማለት የመስታወት ሥራ ነው። መስታወት ግን አይመርጥም፤ ፊቱ የቆመውን ሁሉ እኩል ይቀበላል። ዓይን እንዲህ አለመሆኑን ያስተማሩኝ የይፋት ሰዎች ናቸው።

በአንዲት መንደር፣ ትልቅ ግራር ሥር፣ ለጎልማሶች ፊደል እናስቆጥር ነበር። «በ»ን ለማስተማር ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጠመዱ በሬዎች ሣልሁ። በትምህርት ቤት በሥዕል የተመሰገንሁ ስለ ነበርሁ አሳምሬ ነው የሣልሁት፤ ጡንቻው፣ ቀንዱ፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት ሳይቀር። ተማሪዎቹ ዝም ብለው አዩት። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይህ በሬ አያርስም» አሉ።

«ለምን አባቴ?»

«ቀንበሩን ከሻኛው ኋላ ጣልኸዋ። ቀንበር የሚያርፈው ከሻኛው ፊት ነው፤ ሻኛው ይዞት ነው የሚጎትት። እንዲህ አድርገህ ብታስኬደው ሁለት ተራምዶ ያወልቀዋል።» ጥቂት ቆዩና ደግሞ ጠየቁኝ፤ «ይኸኛውስ ቀኝ ነው ግራ?» በሬ ከለመደው ወገን ውጭ ሲጠመድ እንደሚያስቸግር እንኳን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

19 ዓመት ሙሉ የማረሻን እንጀራ በልቻለሁ። ሲታረስ በአውቶቡስ መስኮት ምን ያህል ጊዜ አይቻለሁ! ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ በየመማሪያ መጽሐፋችንና በየግድግዳ ወረቀቱ ላይ ነበር። ይሁንና ቀንበሩ የት እንደሚያርፍ አላየሁም፤ ምክንያቱም የማየው «ገበሬ» የተባለውን ሐሳብ እንጂ በሬውን አልነበረም። ሽማግሌው ሥዕል አያነብቡም ብዬ ገምቼ ነበር። እርሳቸው ግን ሥዕሉን ከእኔ ይበልጥ አነበቡት።

በዚያው ዘመን አካባቢ ሥዕልን ስለ ማየት አንድ ጥናት በአገራችን ተደርጎ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ደረጎውስኪና ሙልድሮው የተባሉ ባልና ሚስት ባልደረቦቹ «ፐርሴፕሽን» በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። ያጠኑት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖረው በመኤን ሕዝብ መካከል፣ ሥዕል ብዙ ባላዩ ሰዎች ዘንድ ነበር። ወረቀቱ ራሱ እንግዳ ነገር ሆኖ ሰዎቹ ሲያሸቱትና ሲዳስሱት ስለ ተስተዋለ፣ የእንስሶቹ ሥዕል በሻካራ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ቀረበላቸው። አብዛኞቹ እንስሶቹን ለዩ፤ ለአንዳንዶቹ ግን ጊዜና ጥረት ጠየቀ። ከዚህ ጥናት አንዳንድ ሰው የሚወስደው ትምህርት «ያልተማረ ሰው ሥዕል አያይም» የሚል ነው። እኔ የምወስደው ሌላ ነው። ወረቀት በእጁ ሲገባ ማሽተትና መዳሰስ ምን ስሕተት አለው? ስለማያውቀው ነገር የሚጠይቅ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ ወረቀቱን ማየት ስለ ተውን ነው ሥዕሉን በቶሎ የምናየው፤ አንዱን ለማየት ሌላውን አለማየት ተምረናል።

እኚያው ሽማግሌ አንድ ማታ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አጫወቱኝ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፤ ተከታታዩ ንውጥውጥታም ለሳምንታት ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት አባ ፒየር ጉዌን ስለ ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ ይህን አደጋ በስፋት መዝግበውታል። ሽማግሌው የነገሩኝ ግን የተመዘገበውን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ቤታቸው ሲገቡ ደጃፉን ሲረግጡ እግራቸው ይጠራጠር እንደ ነበር ነው። ሜዳው ሜዳ ነው፤ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይበትም፤ እግር ግን አያምንም። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት የሸዋ ሮቢት ሜዳ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ፣ በሁለት ተራሮች መካከል ወደ ታች የሰመጠ የምድር ቁራጭ ነው። ያ ጸጥ ብሎ የተኛው ለጥ ያለ መሬት የመውደቅ ውጤት ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ሲደርስና የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሲንቋቋ የሽማግሌው እግር ትዝ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እርሱ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። እኛም ከመንደር መንደር እየዞርን የገበሬ ማኅበር በማቋቋም ላይ ተሰማራን። በሚያዝያ፣ የማሽላ መዝሪያው ጊዜ ሲቃረብ፣ በነበርሁበት መንደር አዲሱ ማኅበር የጋራ ማሳ እንዲዘራ ተወሰነ፤ ወስኖት ሳይሆን እኛ ወትውተነው ነው ብል ለዕውነቱ የቀረበ ይሆናል። ለዚያ ማሳ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከዘሩ እንዲያመጣ ተጠየቀ፤ ዘሩን የመምረጥ ሥራም ለእኔ ተሰጠ። ለምን ለእኔ? ስለ ግብርና የምትናገር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ስለ ነበረችኝ። መጽሐፊቱ ዘር ሲመረጥ ፍሬው የሞላ፣ የጠነከረ፣ መልኩ አንድ ዓይነት ይሁን ትላለች። ሸራ አነጠፍሁ፤ ሁለት ክምር አበጀሁ፤ አንዱ ለዘር፣ አንዱ ለወፍጮ።

አንዲት አሮጊት በሻሽ የተጠቀለሉ ጥቂት ዛላዎች ይዘው መጡ። ከምድጃቸው በላይ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ የከረመ ስለ ነበር ጭስ ጭስ ይላል፤ ጭሱ ነቀዝን ለመከላከል ነው። ፍሬውን በመዳፌ ላይ ፈለፈልሁት። የተጨማደደ ነበር፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ገብቷል፤ ድርቅ የመታው ወይም ሳይደርስ የታጨደ ይመስላል። ለመዝገቡ ስሙን ጠየቅኋቸው።

«ወተት በጉንጬ» አሉ።

ሳቅሁ። ጓደኞቼም ሳቁ። እርሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ስሙ ለማሳቅ የወጣ መሆኑን የሚያውቁ ይመስላሉ። ከወሎ ወደ ይፋት ሲዳሩ ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡ ዘር መሆኑን ነገሩኝ። ወደ ወፍጮው ክምር ስወረውረው ግን ፈገግታው ጠፋ።

«ልጄ፣ እሱ ለጎተራ አይደለም። ለልጆች ነው።»

«እናቴ፣ ይህ ፍሬ የተበላሸ ነው። ምርት አይሰጥም።»

«ቀምሰኸዋል?»

አልቀመስሁትም። የተጨማደደ ጥሬ ማሽላ ምን ይቀመሳል? መጽሐፊቱን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅሁ። በመዝገቡ ላይ «የተበላሸ» ብዬ ጻፍሁ። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ ዝምታቸው መስማማት መሰለኝ። በማግሥቱ ከሌላው ውራጅ ጋር ተፈጨ።

መስከረም 1968 ዓ.ም. ላይ ማሽላው እሸት ሆነ። በይፋት ይህ ወቅት የልጆች ወቅት ነው። ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጅራፍ ግሪሳ ይከላከላሉ፤ ጥንቅሽ ይመጣሉ፤ ከማሳው ውስጥ የሚያውቁትን ዛላ መርጠው በፍም ይጠብሳሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከማማው ሥር አረፍ ብዬ ሳለሁ፣ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ በአገዳው መካከል እየተሽሎከሎከ ወዲህና ወዲያ ሲል አየሁት። ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። «የአያቴን ወተት» አለኝ። የዚያች አሮጊት የልጅ ልጅ ነበር። በየዓመቱ ሴትየዋ ያንን ዘር በሌላው ማሽላ መካከል እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያደርጉት ኖሯል፤ ልጆቹም ቦታውን ያውቁታል። በዚያ ዓመት በጋራው ማሳ ላይ የቆመው ማሽላ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የሞላ ነበር። መጽሐፊቱ እንዳለችው።

ልጁን ጠብሼ ከያዝሁት ሰጠሁት። በላውና ሄደ። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል አልከበደኝም፤ አዝኜ ነበር ብል ዋሸሁ።

የከበደኝ ከዓመታት በኋላ ነው። መምህር ሆኜ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አገራችን ሰብሎች ጽሑፍ ሳገላብጥ፣ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስላካሄዱት ሥራ አነበብሁ። ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ ከ9,000 ከሚበልጡ የማሽላ ዓይነቶች መካከል፣ ማሽላ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል በከፍተኛ መጠን የያዘ ዘር ሲፈልጉ ሁለት ብቻ አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ፤ መገኛቸውም ወሎ ነው። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ይለዋል፤ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ይበልጡን ያስፈልጋል። በአይጥ ግልገሎች ላይ በተደረገው ሙከራ እነዚህን ማሽሎች የበሉት ተራውን ማሽላ ከበሉት እጅግ ፈጥነው አድገዋል። የዘሮቹ መለያ ምን ነበር? ፍሬያቸው የተጨማደደና መሐሉ የገባ መሆኑ። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በኋላ እንደ ገለጹትም የወሎ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ማሽላ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው በጥቂቱ ይዘሩታል፤ በእሸትነቱም ጠብሰው ይበሉታል፤ ከስሞቹም አንዱ «ወተት በጉንጬ» ነው።

የመጽሔቱን ዘመን አየሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1973 ይላል። እኔ ዘሩን ወደ ወፍጮ ክምር የወረወርሁት በዚያው አቆጣጠር በ1975 ሚያዝያ ነው። የዓለም ሊቃውንት «አገኘነው» ካሉ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚህ ታሪክ ቀላሉን ትምህርት መውሰድ ይቻላል፤ ገበሬው ያውቃል፣ የተማረው አያውቅም የሚለውን። ይህ ትምህርት በየመድረኩ ሲነገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ያየሁት ነገር ሁሉ ትክክል ነበር። ፍሬው በእርግጥ ተጨማድዷል። ምርቱ በእርግጥ ያንሳል። ፍሬው ስስ ስለሆነ ነቀዝ በቶሎ ይገባዋል። የፐርዱ ሊቃውንትና ተከታዮቻቸውም ያንን ላይሲን ከሞላ ፍሬ ጋር ለማዋሐድ ብዙ ደክመው፣ ዘሩ በሰፊው ሳይሠራጭ የቀረው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። አሮጊቷም ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ያውቁ ስለ ነበር ነው «ለጎተራ አይደለም» ያሉኝ። ስለዚህ ሁለታችንም ያየነው አንድ ፍሬ ነው፤ ስለ ፍሬውም አልተጣላንም። እኔ ዓይኔን የላክሁት «ጎተራ ይሞላል ወይ?» ብሎ ጠይቆ እንዲመጣ ነው። እርሳቸው ዓይናቸውን የላኩት ክረምቱ አልቆ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ በሆነባት በዚያች ወር የልጅ አፍ ምን ያገኛል ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ዓይን ደግሞ ታማኝ ተላላኪ ነው፤ ያልተላከበትን አያመጣም።

በመንገዱ ላይ ያየሁት ውሃ ይህንኑ ይመስላል። የታየው ትክክል ነበር፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልዩነቱ፣ በመንገዱ ላይ የሳቀብኝ ረዳት ነበረ፤ በዘሩ ጊዜ ግን የሳቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ብዕሩም መዝገቡም በእጄ ነበር። ስሕተት ሥልጣን ሲይዝ የሚያርመው ሰው ዝም ይላል። ካድሬ፣ መምህር፣ የጥበብ ሰው ብንሆን የሁላችንም ሥራ ስም ማውጣት ነውና፣ ይህን አንድ ነገር በራሴ ላይ መመስከር ተገቢ መሰለኝ።

ስለ ስም ካነሣሁ ሌላም ምሳሌ አለ። «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ»ን የሚያነብቡ ሊቃውንት፣ በዋሻ ተሸሽጎ ሁለት ዓመት የኖረ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያዊ የጻፈው ነው በሚሉና የ19ኛው ምዕተ ዓመት ካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው በሚሉ መካከል ተከፍለዋል። ኮንቲ ሮሲኒ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ጥርጣሬውን አነሡ፤ ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የኢትዮጵያዊነቱን ወገን በብዙ ቅጽ ተከራከሩለት፤ ክርክሩ አልተቋጨም። የሚገርመው ሁለቱም ወገን የሚያነብበው ያንኑ ገጽ መሆኑ ነው። አንዱ የዳዊትን መዝሙር ድምፅ ይሰማበታል፤ ሌላው የአውሮፓን ፈላስፎች። ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ያምናሉ ብሎ የሚወቅስ መጽሐፍ በዚህ ዓይነት መንገድ መነበቡ ራሱ ሌላ ሐተታ ይወጣዋል።

ይፋትም ራሷ በጆሮ የታየች አገር ናት። በ14ኛው ምዕተ ዓመት አል ዑመሪ የተባለ የማምሉክ መንግሥት ጸሐፊ ስለ ይፋት ሡልጣኔት በሰፊው ጽፏል፤ ስለ እህሉ፣ ስለ ከተሞቹ፣ ስለ ሠራዊቱ። አገሪቱን ረግጧት አያውቅም፤ ከዚህ የሄዱ ሰዎችን ጠይቆ ነው። የመጽሐፉ ስም ደግሞ ሲተረጐም «የዓይኖች መንገዶች» እንደ ማለት ነው። እኔ ግን እዚያው ቆላ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ኖርሁ፤ በቁጥቋጦ መካከል ከተጠረበ ድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጬ ኮቾሮ በልቻለሁ፤ የድሮ እርከን መስሎኝ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የፈረንሳይ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ኖራን፣ ማሳልን፣ አስባሪን አጠኑ፤ የወላስማ ሡልጣኖችንም መቃብር ለዩ። ካይሮ ደማስቆ ሆኖ የጠየቀው ሰው ከተማ አየ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀመጥሁት እኔ እርከን አየሁ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ወደዚያች መንደር ተመለስሁ። በመስኖ የሚለማው መሬት በአብዛኛው ሽንኩርት ሆኗል፤ በዝናብ የሚታረሰው ላይ ማሾ ገብቷል፤ ማሽላው ግን አልጠፋም። ሽማግሌው የሉም፤ አሮጊቷም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። የልጅ ልጃቸውን አገኘሁት፤ ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ የልጆች አባት ነው። ከማሳው ዳር ካለው ጥላ ሥር አስቀመጠኝና ልጁን እሸት ልኮ አስመጣ፤ በፍምም አስጠበሰ።

በእጄ የሰጠኝን ዛላ አገላበጥሁት። ፍሬው ሁሉ የሞላ ነበር። ሳላስበው መሐሉ የገባ ፍሬ እየፈለግሁ ኖሯል።

«ምን ጠፋብዎት አባቴ?» አለኝ።

ነገርሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ሸራውን፣ ሁለቱን ክምር፣ የአያቱን ጥያቄ፣ እርሱ ራሱ በአገዳው መካከል ሲፈልግ የነገረኝን ቃል። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲጨርስ ይቅርታ እንዲያደርግልኝ ጠብቄ እንደ ነበር የገባኝ በፊቱ ላይ ምንም ሳጣ ነው። አላስታወሰውም። ወተት በጉንጬ የሚባል ማሽላ እንደ ነበረ ከሰዎች ሰምቷል፤ መብላቱን ግን አያስታውስም። ስለ ዘማቾቹ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያቱ እስኪሞቱ ድረስ እየደጋገሙ ይስቁበት የነበረውን፣ ቀንበሩ ከሻኛው ኋላ የተጣለበትን በሬ።

«እርስዎ ኖት የሣሉት?» አለኝ፤ ዓይኑ በሳቅ ተሞልቶ።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

43 ዓመት የተሸከምሁትን ነገር ባለቤቱ አያውቀውም። ይህ ሸክሙን ማቅለሉን ወይም ማክበዱን ገና አልለየሁትም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 የተቋቋመው የአገራችን የዘር ማእከል ከየአውራጃው የሰበሰባቸውን የማሽላ ዓይነቶች በማቀዝቀዣ ያኖራል፤ ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅ አለበት ብለው ደክመዋል፤ በሰሜን ሸዋና በወሎም ገበሬዎች የገዛ ዘራቸውን መልሰው እንዲዘሩ ሠርተዋል፤ በ1989፣ በዚያው አቆጣጠር፣ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ይህንንም ለልጁ ነገርሁት፤ ዘሩ ከምድር አልጠፋ ይሆናል ለማለት። በትሕትና ሰማኝ። ከዚያ ዛላውን ከእጄ ወሰደና በመዳፉ መሐል አሸው፤ ገለባውን እፍ ብሎ አራገፈ፤ ትኩሱን ፍሬ መልሶ በእጄ አፈሰሰልኝ።

«ይብሉት እንጂ፤ ይቀዘቅዛል።»